ማጣሪያው የጣለው ምንድነው?

ቴሌ አካባቢ የሚሰሩ የድሮ ክላስሜቶቼ ሲያገኙኝ የመጀመሪያ ወሬያቸው "አንተ ሙያ ቀየርክ አሉ፣ ሐኪም ልትሆን ነው እንዴ?" ነው። እነሱ አንቴናና ቤዝ ስቴሽን ላይ ቀሩ፣ እኔ ከገመድ አልባ ኮሙኒኬሽን ተነስቼ የልብ ምትና የትንፋሽ ሲግናል ውስጥ ገባሁ፣ ለእነሱ ሁለቱ ጭራሽ አይገናኙም። እኔ ግን ምንም የቀየርኩት ነገር የለም። ኮዴን የከፈተ ሰው ግማሹ ያኔ ለቻናል ኢኳላይዘር (በመንገድ የተዛባ የራዲዮ ሲግናል ማስተካከያ) የጻፍኩት መሆኑን ያየዋል፣ እንዲያውም የቫሪያብሉን ስም ሳልቀይር የተውኩበት ቦታ ስላለ "ቻናል" የሚለው ውስጥ ቁጭ ያለው የሰው ደረት ነው። ያው ፊልተር (ማጣሪያ) ነው፣ ያው ፉሪየር (ሲግናልን ወደ ድግግሞሾቹ የሚበትን ሂሳብ) ነው፣ ያው ማትሪክስ ነው። ድሮ ከወዲያኛው ጫፍ ሞባይል ነበር፣ አሁን በሽተኛ አለ፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ዝምድናው ደግሞ የቆየ ነው። ቪለም አይንትሆቨን የሚባለው ሆላንዳዊ፣ የኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀዳው ምርመራ) አባት የሚሉት ሰውዬ፣ በ1905 (አቆጣጠሩ ሁሉ የፈረንጅ ነው) የልብን ሲግናል በስልክ ሽቦ ልኮታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ማሽኑ ወደ 270 ኪሎ ይመዝናል፣ ለማሰራት አምስት ሰው ይፈልጋል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተተክሎ የቀረ ጉድ ነው፣ በሽተኞቹ ደግሞ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የሌይደን ሆስፒታል ተኝተዋል። ማሽኑ አይሄድ፣ በሽተኛው አይመጣ፣ እንግዲያው ሲግናሉ ይሂድ አለ። በኋላም በ1924 ኖቤል ተሸለመ። ከዛ ደግሞ 1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ሞንታና ውስጥ ኖርማን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ ኢሲጂ በራዲዮ የሚያስተላልፍ ዕቃ ሰርቶ ጀርባ ላይ አሳዘለው፣ ክብደቱ 38 ኪሎ ገደማ! ዛሬ ካርዲዮሎጂስቶች "ሆልተር ይደረግለት" ሲሉ የሚጠሩት የእሱን ስም ነው፣ ዕቃው አሁን ኪስ ውስጥ ይገባል እንጂ።

እኔን ሌሊት የሚያስቀምጠኝ ግን ታሪኩ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ሙያ ሥራችን መጣል ነው። ከሚመጣው ሲግናል ውስጥ አንዱን "ይሄ ኖይዝ (ረብሻ) ነው" ብለን እንጥላለን፣ የቀረውን "ይሄ እውነቱ ነው" ብለን እናሳያለን። ምን እንደሚጣል የሚወሰነው ደግሞ አልጎሪዝሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ወሳኙም ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ሰው መወሰኑን እንኳን አያውቀውም። ማሽኑ ስክሪን ላይ ቁጥር ሲወጣ ያ ውሳኔ የትም አይጻፍም።

ላስረዳ። በ1960 ስታንፎርድ ውስጥ በርናርድ ዊድሮውና ተማሪው ቴድ ሆፍ ኤልኤምኤስ የሚባል፣ ፊልተር ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርግ አልጎሪዝም አወጡ (ያው ሆፍ ነው ኋላ ኢንቴል ገብቶ የመጀመሪያውን የኢንቴል ማይክሮፕሮሰሰር ካሰቡት ሰዎች አንዱ የሆነው)። ሙሉ ነገሩ አንድ መስመር ኮድ ነው፣ ስህተትህን እይ፣ ስህተቱን በገባው ሲግናል አባዛው፣ በትንሽ ቁጥር አሳንሰው፣ ፊልተሩ ላይ ደምረው፣ ድገም። በቃ። እንደዚህ ቀላል ሆኖ እንደዚህ ብዙ ቦታ የገባ ነገር በሙያዬ ውስጥ አላውቅም።

ድሮ አሜሪካ ወይ አረብ አገር ስንደውል የራሳችን ድምፅ ተመልሶ ይመጣብን የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። "ሃሎ" ትላለህ፣ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ ያንተው "ሃሎ" ይመለስልሃል፣ አንተ ዝም ስትል እናትህ ማዶ "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች፣ ብሩ ይቆጥራል። ሳተላይቱ ያለው ምድር ወገብ ላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው፣ ድምፅህ በሱሉልታ ጣቢያ ወጥቶ ማዶ ይወርድና ሁለት ሽቦው ወደ አራት ሽቦ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ትንሿ ነጥራ ትመለሳለች፣ ሄዳ መመለሷ ያን ያህል ይፈጃል። ቤል ላብስ (የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም) ያሉ ሰዎች 1960ዎቹ ውስጥ መፍትሄ ያሉት የዚሁ የኤልኤምኤስ ቤተሰብ ነው። የተናገርከውን ቅጂ ያዝ፣ ከሚመለሰው ድምፅ ውስጥ ይሄን ቅጂ የሚመስለውን ገምት፣ ቀንስ። ዛሬ ዙም ላይ ስፒከር ከፍተህ ስታወራ ማዶ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ የማይሰማው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሆድ እንሂድ። እርጉዝ እናት ሆድ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈህ የፅንሱን ልብ ልቅዳ ብትል በዋናነት የምታገኘው የእናትየውን ልብ ነው። የእሷ ከፅንሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሰርግ ቤት ስፒከር ስር ቆሞ የጎረቤትን ሹክሹክታ እንደመስማት ነው። በፍሪኩዌንሲ እለየዋለሁ እንዳትል የሁለቱም ልብ እዛው አንድ መንደር ውስጥ ነው፣ የፅንሱ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል ከማለት በቀር የሚለያዩበት ንጹህ ድንበር የለም። ዊድሮውና ባልደረቦቹ በ1975 ባሳተሙት ወረቀት ላይ ያደረጉት ነገር ያው የስልኩ ዘዴ ነው። የእናትየው ደረት ላይ ሌላ ኤሌክትሮዶች ለጠፉ፣ እዛ የፅንሱ ልብ አይደርስም፣ የእሷ ብቻ ነው ያለው። ከዛ "ከሆድ ሲግናል ውስጥ ይሄን የሚመስለውን በሙሉ ቀንስ" ብለው ኤልኤምኤስን ለቀቁት። የቀረው ፅንሱ ነው።

ይሄን ለተማሪ ሳሳይ ሁሌም ክፍሉ ውስጥ "ኦ!" የሚል ድምፅ ይወጣል፣ እኔም መጀመሪያ ሳየው እንደዛ ነበርኩ። ግን ልብ በሉ፣ ሂሳቡ እናትና ልጅ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው "ሪፈረንስ" ተብሎ የተሰጠውን ብቻ ነው። ሐኪሙ ያንን ቀን ያሳሰበው የእናትየው ልብ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ የተቀነሰው ነው እሱ የሚፈልገው። የሚያስፈራው ደግሞ ሪፈረንሱ ንጹህ ካልሆነ ነው። ኤሌክትሮዱን ከደረት ዝቅ አድርገህ ለጥፈኸው የፅንሱ ሲግናል ትንሽ እንኳን ሪፈረንሱ ውስጥ ከገባች አልጎሪዝሙ እሷንም ይዞ ይቀንሳል፣ ያውም በደስታ፣ ምክንያቱም ስህተቱ ቀነሰለት። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይጠራል። ንጹህ ግራፍ ታያለህ፣ ሕፃኑ ግን ተቀንሷል። በዚህ ሙያ ውስጥ ንጹህ ግራፍ ሳይ ደስ ከማለቴ በፊት የምጠይቀው ይሄንን ነው።

እንግዲህ ሪፈረንስ የሚባለው ነገር ምን ያህል ተግባራዊ እንደሆነ ያየሁት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው (የቱ እንደሆነ አልጽፍም)። ሞኒተሩ ላይ ያለው ኢሲጂ አንዳንዴ ጥርት ያለ፣ አንዳንዴ መስመሩ እንደ ወፍራም ገመድ የሚያብጥ ሆነብኝ። ተረኛዋን "ሲስተር፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልኳቸው። "አይ፣ መብራት ሲኖርማ ደህና ነው፣ ጄኔሬተር ሲነሳ ነው የሚያብደው" አሉኝ። ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ምርመራ ነው የሰጡኝ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል)፣ ሽቦዎቹ ሁሉ ግድግዳ ውስጥ 50 ኸርዝ ይዘምራሉ፣ የሰው አካል ደግሞ አንቴና ነው፣ የልብ ሲግናል በሚሊቮልት የሚለካ ስለሆነ መብራቱ በቀላሉ ይውጠዋል። ማሽኑ ውስጥ ልክ 50 ላይ የምትቆርጥ ቀጭን ፊልተር አለች፣ ኖች የሚሏት። ችግሩ ጄኔሬተሩ 50 ላይ አይቆምም። የሞተሩ ፍጥነት በጭነቱ ይዋዥቃል፣ ደቂቃ ውስጥ 1500 ዙር ሲዞር 50 ኸርዝ ነው፣ ጭነት ሲቀልለት ወደ 52 ይጠጋል፣ ያኔ ቀጭኗ ፊልተር 50 ላይ ቁጭ ብላ የሌለ ሌባ ትጠብቃለች፣ ሌባው በጎን ገብቷል።

ታዲያ ፊልተሯን ማስፋት አይሻልም? አይሻልም፣ ምክንያቱም የልብ ምቱ ሹል ጫፍ ራሱ 50 ኸርዝ አካባቢ ድርሻ አለው፣ ሰፊ ከቆረጥክ ጫፉ ይደፈጠጣል፣ ከጎኑም የሌለ ሞገድ ይበቅላል። የ1975ቱ ወረቀት መፍትሄ እዚህም ይሰራል። ከግድግዳው ሶኬት ትንሽ ናሙና በአስተማማኝ መንገድ ቀንሰህ ውሰድ፣ እሱን ሪፈረንስ አድርገው፣ ኤልኤምኤስ ጄኔሬተሩ ወደ ሄደበት ይከተለዋል። እነሱ የሰሩት በአሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ ያለው ጥቅም ግን ይበልጣል እላለሁ፣ እነሱ ጋ መብራቱ እንደዚህ አይንከራተትማ።

ከዚህም የባሰ የሚረብሸኝ የታችኛው ጫፍ ነው። በሽተኛው ሲተነፍስ፣ ሲላብ፣ ሲንቀሳቀስ የኢሲጂው መስመር ቀስ እያለ ይዋኛል፣ ነርሶች ይሄ ያናድዳቸዋል፣ ስለዚህ ሞኒተሮች ላይ ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለው ብዙ ጊዜ ይቆረጣል። ለምርመራ በሚነሳው ኢሲጂ ላይ ግን ቆራጩ 0.05 ነው፣ አሥር እጥፍ ዝቅ ይላል። ለምን መሰላችሁ? የልብ ድካም፣ ማለቴ ሃርት አታክ ሲመጣ ሐኪሙ የሚያየው ኤስቲ የሚባለውን ዝግ ያለ ክፍል ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው፣ ያ ደግሞ የሚኖረው እዛው ታች ዝግተኛው ሰፈር ነው። በ0.5 ስትቆርጥ መስመሩ ያምራል፣ ኤስቲው ግን ሊጣመም ይችላል፣ የሌለ በሽታ ሊመስል ወይም ያለውን ሊደብቅ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ለዚህ ነው ሞኒተሩን አይተው የማይፈርዱት፣ "12 ሊድ አንሱልኝ" የሚሉት፣ ሙሉውን የምርመራ ኢሲጂ ማለታቸው ነው። ሁሉም ግን አያውቅም፣ ማሽኑ ላይም በትልቁ አልተጻፈም።

እሺ፣ አሁን በተቃራኒው። ኮሙኒኬሽን በኩል እኛ ስንጥለው የኖርነውን ሕክምናው መልቀም ጀምሯል። ዋይፋይም 4ጂም የሚሰሩበት ኦኤፍዲኤም የሚባለው ዘዴ ሰፊውን ባንድ ብዙ ቀጫጭን ተሸካሚዎች ላይ ይከፋፍለዋል፣ በድሮው 20 ሜጋኸርዝ ዋይፋይ 52 ናቸው፣ ከነሱ 4ቱ ፓይለት ይባላሉ፣ የሚሸከሙት አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ፓኬት ፊት ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚያውቁት ማሰልጠኛ ምልክት ይላካል። ተቀባዩ "የተላከው ይሄ ነበር፣ የደረሰኝ ይሄ ነው" ብሎ ያካፍልና ክፍሉ ምን እንዳደረገበት ያውቃል፣ ግድግዳው፣ በሩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ እዛ ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ። ከዛ ያንን ተጽዕኖ አስወግዶ ዳታውን ያወጣል፣ ግምቱን ይጥለዋል። እኔ ለዓመታት ያስጨነቀኝ ይሄ ግምት ቶሎ ቶሎ መቀያየሩ ነበር። የሚቀያየረው ደግሞ በከፊል ሰው ስለሚተነፍስ ነው!

ቁጥሩን እንየው። ሰው በጸጥታ ሲተነፍስ ደረቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል እንበል። ሞገዱ ደርሶ ስለሚመለስ መንገዱ በ10 ሚሊሜትር ይቀየራል። 5 ጊጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ፌዙ (ሞገዱ በዙሩ ላይ ያለበት ቦታ) በ60 ዲግሪ ይዞራል፣ ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ አይኑን የጨፈነ ሪሲቨር እንኳን ያየዋል። የልብ ምት ደግሞ ደረትን ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ 0.3 ብለን ብንይዝ ፌዙ በ4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይዞራል። 60 ጊጋኸርዝ ላይ ብትወጣ ሞገዱ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ ያው ትንፋሽ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞረዋል፣ ልቡም በደንብ ይታያል፣ ግን ግድግዳ አይሻገርም።

በ2011 ዳንኤል ሃልፐሪን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኢንቴል 5300 ከሚባል ተራ የላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ ውስጥ ያንን የሚጣለውን ግምት ማውጫ ሶፍትዌር ለቀቁ፣ 30 ነጥብ ይሰጣል፣ በየዩኒቨርሲቲው ጎርፍ የሆነ ወረቀት ተጻፈ። ኤምአይቲ ያሉት ዲና ካታቢና ቡድኗ ደግሞ ዋይፋዩን ትተው የራሳቸውን ራዲዮ ሰርተው በ2015 ሰው ምንም ሳይለብስ፣ ሌላ ክፍል ሆኖ እንኳን፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን አሳዩ። እነሱ ያደረጉት ነገር እውነተኛ ነው። ከዛ በኋላ ያለው ብዙው ወረቀት ላይ ግን ጥርጣሬ አለኝ፣ እናገራለሁ። ግራፎቹን እዩዋቸው፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ትንፋሹን አያዛባም፣ አይንቀሳቀስም፣ ክፍሉ ባዶ ነው። አሁን እሱን አምጥታችሁ የኛ ዋርድ ውስጥ አስገቡት፣ አልጋ በአልጋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስታማሚ፣ ሌላዋ አስታማሚ በመሃል ምሳ ይዛ ስትገባ፣ ማዶ የሚያስል ሰው። የማን ትንፋሽ ነው የያዝከው?

ሂሳቡ ራሱም ወጥመድ አለው። ትንፋሽ ንጹህ ሳይን ሞገድ አይደለም፣ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት እጥፍ ፍጥነት የሚመጡ ቅጂዎች አሉት። አንድ ሰው በደቂቃ 18 ጊዜ ቢተነፍስ 0.3 ኸርዝ ነው፣ አራተኛ ቅጂው 1.2 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፣ ያ ደግሞ በደቂቃ 72 የልብ ምት ነው፣ የሚያምር ጤነኛ ቁጥር። ደካማ አልጎሪዝም ትንፋሹን ሁለቴ ቆጥሮ ልብ አገኘሁ ይልሃል። ሌላው ደግሞ ጊዜ ነው፣ ትንፋሽን በአንድ ቁጥር ልዩነት ለይቼ ልቁጠር ካልክ በተራው ፉሪየር 60 ሰከንድ መጠበቅ አለብህ፣ በ10 ሰከንድ ዳታ የሚታይህ በ6 በ6 ነው። አፕኒያ ያለበት ሰው ትንፋሹ ሲቆም ደቂቃ አትጠብቅም። ዘዴዎች አሉ፣ ግን እያንዳንዱ ዘዴ "ሲግናሉ እንደዚህ ነው" የሚል አንድ ግምት አስቀድሞ ይበላል።

እንደዛም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ቦታ አለው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳ ኤሌክትሮድ ሲላጥ አብሮ ይላጣል፣ የተቃጠለ ሰው ላይ ምኑ ላይ ትለጥፋለህ? እዛ ነው ይሄ ነገር መሄድ ያለበት፣ ሀብታም ሳሎን ውስጥ እንቅልፍ ለመቁጠር ሳይሆን።

ከሁሉም ታሪክ ግን ልቤን የሚነካው የታኩዎ አኦያጊ ነው። ኒሆን ኮህደን የሚባል የጃፓን ኩባንያ ኢንጂነር ነበር፣ 1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚፈልገው ኦክስጅን መለካት አልነበረም። ደም ውስጥ ቀለም ተወግቶ ጆሮ ላይ በብርሃን ሲታይ ቀለሙ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ አይቶ ልብ ምን ያህል ደም እንደምትረጭ ማስላት ነበር ሐሳቡ። ግን የደም ቧንቧው በእያንዳንዱ ምት ስለሚነፋ መስመሩ ላይ ጥርስ ጥርስ እየሆነ አስቸገረው። ሁለተኛ የብርሃን ቀለም አመጣና በእሱ ጥርሱን ሊያጠፋ ሞከረ፣ ሪፈረንስ መሆኑ ነው እንግዲህ። ጠፋለት። ኦክስጅን ሲቀንስ ግን ጥርሱ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊልተሩን አሻሽሎ ያልፍ ነበር። እሱ ቆም ብሎ ጥርሱ አልጠፋ ያለበት መጠን ራሱ የኦክስጅን መጠን መሆኑን አየ። በ1974 አቀረበው፣ ፐልስ ኦክሲሜተር የሚባለው ያ ነው፣ በኮቪድ ጊዜ በየቤቱ የገባችው የጣት ቆንጣጭ። ሰውዬውም ያረፈው ሚያዝያ ወር 2020 ላይ ነው፣ ዓለም ሁሉ ጣቱን እዛ ውስጥ ከቶ ባለበት ሰዓት።

አሰራሯ በቀይ 660፣ በኢንፍራሬድ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከሁለቱም የሚርገበገበውን ክፍል ለቋሚው ታካፍላለህ፣ ከዛ ቀዩን ለኢንፍራሬዱ ታካፍላለህ፣ አንድ ቁጥር ይወጣል። አንድ ከሆነ ኦክስጅኑ 85 በመቶ አካባቢ ነው፣ ቁጥሩ ከአንድ እያነሰ ሲሄድ ኦክስጅኑ ወደ 100 ይጠጋል። ቋሚው ክፍል፣ ማለትም ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ሥጋው፣ ጥፍሩ፣ በማካፈሉ ይጣፋል ነው ቲዎሪው። ቆንጆ ቲዎሪ ነው። ግን ቁጥሩን ወደ በመቶ የሚቀይረው ኩርባ ከቲዎሪ አልመጣም፣ ከሰው ነው የመጣው። ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅናቸው እስከ 70 በመቶ ድረስ እንዲወርድ እየተደረገ ከአርተሪያቸው ደም ይቀዳል፣ የጣቱ ቁጥር ከደሙ ቁጥር ጋር ይጋጠማል፣ ኩርባ ይሳላል፣ ማሽኑ ውስጥ ይቀበራል። የአሜሪካው ኤፍዲኤ (የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪው) በ2013 መመሪያው የጠየቀው ቢያንስ 10 ሰው ነው፣ ከነሱ 2ቱ ወይም 15 በመቶው ጥቁር ቆዳ ያላቸው ይሁኑ ብሎ።

ሁለት ሰው።

ታህሳስ 2020 ላይ ሚቺጋን ያሉ ሐኪሞች ያወጡትን ጽሑፍ ሳነብ ወንበሬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ኦክሲሜተሩ ከ92 እስከ 96 ብሎ ካሳየባቸው ልኬቶች ውስጥ በደም ሲታይ ከ88 በታች የነበሩት ከነጮች ልኬት 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮች ልኬት 11.7 በመቶ ነበሩ። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ማለትም ሐኪሙ "ደህና ነው" ብሎ የሚያልፈው ሰው ታፍኗል። ነገሩ አዲስ እንኳን አልነበረም፣ በ1990 የወጣ ጥናት ላይም ፍንጩ ነበር። የኤፍዲኤ አዲስ ረቂቅ የመጣው ጥር 2025 ላይ ነው፣ የሰውን ቁጥር ወደ 150 አሳድጎ። ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም፣ ሜላኒን በቲዎሪው ቋሚ ነው፣ ቋሚ ይጣፋል፣ ስለዚህ አያሳስብም ተባለ። ውሳኔ ተደረገ፣ ማንም ግን መወሰኑን አላወቀውም ያልኩት ይሄን ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው፣ ከፍታም አለ። ሲንቲያ ቢል የምትባል አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች ኦክስጅናቸው በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ጠረፍ እንዳለ ሰው ሆኖ ተገኘ፣ ቲቤቶቹም አንዲሶቹም እንደዛ አይደሉም። ይሄ በዓለም የታወቀ ውጤት ነው፣ እኔም በኩራት ለሰው አውርቻለሁ። ከኦክሲሜተሩ ጋር መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይሄን የመሰለ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ኩርባው የማን ነው?" ብዬ ነው፣ አመል ሆኖብኛል።

ዳታ ራሱ የማን እንደሆነ ካነሳን፣ ዓለም ሁሉ የልብ ምት አልጎሪዝም የሚፈትንበት የኤምአይቲና ቤዝ እስራኤል ስብስብ 48 ቅጂ ነው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ከ47 ሰዎች፣ ቦስተን ውስጥ ከ1975 እስከ 1979 የተቀዳ። በ1985 ፓንና ቶምፕኪንስ ያወጡት የታወቀ የልብ ምት መያዣ 99.3 በመቶ ትክክል የተባለው በሱ ላይ ነው። ድንቅ ስብስብ ነው፣ በነፃ ነው፣ እኔም የተማርኩት በሱ ነው። ግን ውስጡ ጄኔሬተር የለም።

አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የያዝነው ነገር ትንሽ ነው። ገበያ ላይ ያለችው ኦክሲሜተር የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ጥሬውን ቀይና ኢንፍራሬድ ውስጧ ትጥለዋለች። እኛ ማክስ30102 የምትባል ርካሽ ቺፕ ይዘን ጥሬውን ሞገድ እንዳለ እናስቀምጥ ነው ሐሳቡ፣ ከዛ ሐኪም ለሕክምናው ሲል የአርተሪ ደም ባዘዘ ጊዜ የደሙን ውጤት ከዛ ሰዓት ሞገድ ጋር ማጋጠም። ለጥናት ብለን ማንንም አንወጋም። ችግሩ የአርተሪ ደም ኦክስጅን የሚለካው ማሽን በየቦታው የለም፣ ያለበት ቦታም አንዳንዴ ካርትሪጅ አልቋል ይሉሃል፣ እሱ ከሌለ ደግሞ የጣቱን ቁጥር የምናጋጥመው ከምን ጋር ነው?

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደግሞ የቆዳውን ቀለም እንዴት ነው የምትመዘግቡት ብሎ ጠየቀን። የፊትዝፓትሪክ መለኪያ 6 ደረጃ አለው፣ የተሠራውም ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚቃጠል ለመለየት ነው፣ የኛ ሰው ሁሉ መጨረሻዎቹ ሳጥኖች ውስጥ ይታጨቃል። የመንክ የሚባለው 10 ደረጃ አለው፣ ይሻላል፣ ግን ዋርዱ ውስጥ ያለው የፍሎረሰንት መብራት ስር ሁለት ሰው አንድ ቆዳ አይቶ አይስማማም። ስለዚህ በብርሃን ነጸብራቅ የምትለካ ዕቃ እንግዛ ወደሚለው ሄደናል። አንዱ ጓደኛዬ ፀሐይ የማያገኘው ክንድ ስር ይለካ ይላል፣ ሁሉም ጥናት እዛ ነው የሚለካው እያለ። እኔ ጣት ላይ ይሁን ባይ ነኝ፣ ብርሃኑ የሚያልፈው በጣት ነው እንጂ በክንድ አይደለም። እስካሁን አልተስማማንም።